ሽኩርን ሆኜ

መተማ፣ መስከረም ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትህ? እዚያ ይበርድሃል? እኔ ከሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ። አባታችን ከዱር አልተመለሰም። እናታችንን ዘመዶቿ ትናንት ወደ ሸሕዲ ወሰዷት፤ እኔ ከየኔታ ትምህርት እንዳልቀር ብላ ተወችኝ።

ሰው ሲያይህ አፍህ ይተሳሰር ስለነበር የእናታችንን መቀነት ራሴ ላይ ጠምጥሜ የባለሱቁን ልጅ ሽኩርን እሆንልህ ነበር። ጠጠሩን ቴምር ነው ብዬ ስዘረጋልህ፣ «ሽኩርማ የፊት ጥርሱ ወልቋል፤ አንተ ሙሉ ነህ» ብለህ አላምን አልኸኝ። ጥርሴን ከሰል ቀባሁት። እስክትንከተከት ሳቅህ። «ቀና በልና ዓይኑን እያየህ እግዜር ይስጥልኝ በለው፤ ና ሲልህም አትሽሽ፣ እሺ መጣሁ በል» አልሁህ።

አንድ ቀን ከሽኩር እውነተኛ ቴምር ይዘህ መጣህ። ግማሹን ሰጠኸኝ። ከዚያ ወዲያ ሽኩርን ሁንልኝ ብለኸኝ አታውቅም። ደስ አለኝ፤ ጥቂትም ከፋኝ። እኔን ና የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

እንቢ ማለትን ግን አላስተማርሁህም። ያን ቀን ሽኩር ከአጥሩ ውጭ ሲጠራህ ዞረህ አየኸኝ። ኾሩ፣ ያ የክረምት ወንዝ፣ ሞልቶ ሲጮኽ እሰማ ነበር። ዳዊቴን ላለማቋረጥ በአገጬ ሂድ አልሁህ። ሽኩርን ሰዎች ከውኃው አወጡት፤ አንተን በማግስቱ ከታች አገኘንህ።

በለቅሶው ላይ ጎረቤታችን እትዬ አሰበች፣ «ያ የባለሱቁ ልጅ ነው ወደ ውኃው ይዞት የገባው» ሲሉ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ። ቀና በል የምልህ እኔ።

የኾሩ ውኃ አሁን ጎድሏል። እግዜር አንተን በደረቅ፣ በሞቀ ቦታ ያኑርልኝ።

ዛሬ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ዓይኔን ሳልገልጥ ጋቢውን ወደ አንተ ገፋሁት። ተነሥቼ ግድግዳው ፊት ቆምሁ። መቀነቱን እናታችን ታጥቃው ስለሄደች በባዶ ራሴ ሽኩርን ሆንሁ፤ እኔንም ሆንሁ። የምለውን ሦስት ጊዜ ተለማመድሁ፤ ሁለት ጊዜ ቃሉ መሐል ላይ ቆመብኝ።

ከዚያ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ሽኩር ሲያየኝ ከማሽላው ጆንያ ኋላ ተደበቀ። አባቱ እየሰሙ፣ «ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ። አንተ አይደለህም» አልሁት።

ምን እንደሚመልስልኝ አልተለማመድሁም ነበር። ከጆንያው ኋላ ብቅ ብሎ፣ «ጥርስህን ከሰል የቀባኸው አንተ ነህ?» አለኝ። ለካ ነግረኸዋል።

አዎ አልሁት። የወለቀው ጥርሱ በግማሽ በቅሏል።

ታላቅህ