ከቢዮ አዋሌ ማዶ ያለው ሸለቆህ

ይድረስ ለጌትዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ወራት ተጨመሩበት። ሙት ዓመትህን አውጥተን ሰዉ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ሐዘኑም አብሮ የሚሄድልኝ መስሎኝ ነበር። አልሄደም፤ እኔው ዘንድ ነው ያለው።

ቤቱ ደህና ነው። ልጅህ ሰላም ወልዳለች፣ ሴት ናት። አፍንጫዋ ቁርጥ ያንተ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሰላምን ለማስደሰት የሚሉት ይመስለኛል። በረንዳው ላይ ያለው ወንበርህ ላይ ማንም እንዲቀመጥ አልፈቀድኩም ነበር፤ አሁን ድመቷ ወስዳዋለች። ከሰፈራችን ከከዚራ ዛፎች አንዱ በነፋስ ወድቆ የጎረቤታችንን የሶፊያን አጥር ደፍጥጦታል። እኔም እንደምታውቀኝ ነኝ። ውኃ ሲጠፋ ሆን ብለው የኛን ሰፈር ብቻ የዘጉት ይመስለኛል። መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ እያልክ ትስቅብኝ ነበር፣ ትዝ ይልሃል?

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ እሑዶችህ ነው።

ከምሳ በኋላ፣ ድሬ በሯን ዘግታ ግማሹ ሲተኛ ግማሹ ሲቅም፣ አንተ ኮፍያህን አጥልቀህ ትወጣ ነበር። እግሬን ላፍታታ ነው ትላለህ። በዚያ ፀሐይ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም! ስትመለስ ሱሪህ አሸዋ ለብሷል፣ ድምፅህ ሻክሯል። ከማን ጋር ሲያወራ ቢውል ነው ድምፁ እንዲህ የሚዘጋው እያልኩ እብሰለሰል ነበር። ስጠይቅህ፣ አቦ ተይኝ ብለህ ትስቃለህ። ሳቅህንም ጠረጠርኩት። ከዚያ አልጋ ላይ ወደቅክ። ሐኪሙ በሽታው የቆየ ነው ሲለን፣ አንተ ገና አሁን ነው የጀመረኝ አልከው። እኔ ሐኪሙን ጠረጠርኩት።

በቀደም ዓሊን፣ ያን የሚኒባስ ሹፌር ወዳጅህን፣ ታይዋን ገበያ አገኘሁትና አላስኬድ አልኩት። እሑድ እሑድ የት ነበር የምትወስደው ብዬ አፋጠጥኩት። መሬት መሬት እያየ፣ ወላሂ ከቢዮ አዋሌ አለፍ ብሎ ድልድዩ ጋ ነው የማወርደው፣ ከዚያ ብቻውን ወደ ሸለቆው ይገባል አለኝ። መሬት መሬት የሚያይ ወንድ ምን እንደሚደብቅ አውቃለሁ። በቃ ሴትየዋ እዚያ ናት አልኩ። አንተ ሞተህ እንኳ ቅናቴ አልሞተም፣ ጌትዬ።

እሑድን ጠብቄ ሄድኩ። ሰላምን ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ ዋሸኋት። ዓሊ ድልድዩ ጋ ሲያወርደኝ አብሬሽ ልግባ ቢለኝ እምቢ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀድሞኝ እንዳያስጠነቅቃት ብዬ ነው።

ከድልድዩ ሥር ደረቁ ወንዝ ይጀምራል። መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ የፍየል ዱካ እንኳ ጥቂት ሄዶ ይጠፋል። ከመግባቴ በፊት ወደ ሐረር በኩል ያሉትን ተራሮች አየሁ። እኛ የድሬ ሰዎች ከራሳችን በላይ ያለውን ሰማይ አናምንም፤ ጎርፉ የሚመጣው እኛን ፀሐይ እየጠበሰን እዚያ ላይ ሲዘንብ ነው። ተራራው ጥርት ብሏል። ጥቂት ሄጄ፣ አላመንኩትምና ደግሜ አየሁት።

እየገባሁ ስሄድ ገደሎቹ ግራና ቀኝ ተጠጉ። አሸዋው እግር ይውጣል፤ አሸዋው ሲያልቅ ደግሞ ውኃ ያለሰለሰው፣ እጅ የሚያቃጥል ድንጋይ ነው። አንድ ቦታ ትልቅ ቋጥኝ መውጫውን ዘግቶት በሆዴ ተስቤ ወጣሁት፤ ቀሚሴ ተቀደደ። ከላይ ጠጠር እየተንከባለለ ይወርዳል። ዝንጀሮዎች ይሁኑ ሰው አላውቅም። በወደቀ ቁጥር ዞር እላለሁ፣ ማንም የለም። ሰው የሌለበት ቦታ ብቻዬን ስገባ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። እየፈራሁም፣ ይህን ሁሉ ድንጋይ የሚወጣላት ምን ያህል ቢወዳት ነው እያልኩ በንዴት እወጣ ነበር።

ሸለቆው በሚያልቅበት፣ ከገደሉ ሥር፣ አንድ ግራር አለ። ቅርንጫፉ ላይ ያ ጠፋብኝ ያልከኝ ቦርሳህ ተንጠልጥሏል። የዚያ አገር ሰው ዛፍ ላይ የተሰቀለ ዕቃ አይነካም፤ ባለቤቱ ወይም ዘመዱ እስኪመጣ ዓመትም ቢሆን እዚያው ይቆያል። አውርጄ ከፈትኩት። ሽርጥህ፣ የፕላስቲክ ኩባያህ፣ ባዶ የክኒን ማሸጊያዎች፣ ከሥር ደግሞ ቀይ የሴት መቀነት። ሌላው ሁሉ ከዓይኔ ጠፋ። መቀነቱን አሸተትኩት፤ ጭስና ፍየል ይሸታል። እዚያው ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ፤ አጥንትህም ሳይቀር ሰደብኩህ።

ሴትየዋ ፍየሎቿን እየነዳች በገደሉ ጎን ወረደች። ከኔ ታንሳለች፤ ይህን ሳላይ አላለፍኩም። መቀነቱን እጄ ላይ ስታየው አልደነገጠችም። በገበያ ኦሮምኛዬ ይህ የማን ነው አልኳት። የኔ ነው አለችኝ። ከዚያ፣ አንቺ የናሚቻ ኢዩ፣ የዚያ የሚጮኸው ሰውዬ ሚስት ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

የሚጮኸው ሰውዬ! ቤታችን ውስጥ ድምፅህን ከፍ አድርገህ የማታውቀው አንተ!

ሁሉንም ነገረችኝ። እየመጣህ ከግራሩ ሥር ሽርጥህን አንጥፈህ፣ ሆድህን ይዘህ ትጮህ ነበር። መጀመሪያ ፍየሎቿ ሲበረግጉ እብድ መስለሃት ሸሽታለች። በኋላ ግን ጩኸትህ ምጥ የያዛት ሴት ጩኸት ሆነባትና አላስችላት አለ። ቀርባ መቀነቷን ፈታች፤ አራስ ሆዷን እንደምትታሰረው አድርጋ ሆድህን ጥብቅ አድርጋ አሰረችልህ። ሚስትህ ታውቃለች ወይ ብትልህ፣ እሷ ካወቀች እኔ ሳልሞት መሞት ትጀምራለች አልካት።

ፊቷን መረመርኩት። ውሸት ፈለግኩበት፣ ከልቤ ፈለግኩ፤ ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የክኒኖቹን ማሸጊያ ያኔ ነው አንስቼ ያየሁት። ሁሉም የሕመም ማስታገሻ ነው።

ሌላ ሴት አለች ማለቴ ትክክል ነበር፣ ጌትዬ። የሰጠሃት ግን ሕመምህን ነው። ለኔ ሳቅህን ሰጠኸኝ፣ ለሷ ጩኸትህን። በዚህ ተቀይሜሃለሁ። ቀን ከሌት ስጠረጥርህ ኖሬ፣ ባሌ ያመዋል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም፤ እንዳልጠረጥርም አድርገህ ሸፈንክብኝ። ለኔ አዝነህ ነው? ወይስ አትችለውም ብለህ ንቀኸኝ? አዝነህ ነው ትላለህ፤ እኔ ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላምንህም።

መቀነቱን መለስኩላት። ወገቧ ላይ ስታስረው እያየሁ ቀናሁ። ግራሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ የያዝኩትን ውኃ ተካፍለን ጠጣን። ስለያት እጇን ሳምኩ፤ እሷም የኔን ሳመች።

ሰው ስምህን ሲያነሳ ሳቂታ ነበር ይላል። ይበሉ። ሰላምም ለልጇ እንደዚያ ብላ ትንገራት። እኔ ግን የማስበው፣ አጠገብህ ተኝቼ ያላሰማኸኝን ጩኸት ነው። በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ እስክከተልህ ድረስ ግን አልረሳውም።

ሚስትህ ዘነበች