ሁለት ጊዜ የተለወጠው የልደትህ ዓመት

ለምወድህ ወንድሜ ለሬድዋን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነህ? የግራ ተረከዝህ ተሻለው? የጣልያን ብርድ ደረትህን አልያዘህም? ምግቡስ ተስማማህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ የለባትም። ሱቁም ደህና ነው፤ መካኒሳ አቦ መንገዱ ስለተቆፈረ ድስትና ባልዲ ፈላጊው ጭቃ እየዘለለ ይመጣል።

በወረቀት የጻፍኩልህ፣ በስልክ ስናወራ የማትወደው ቃል ላይ ስደርስ ኔትወርክህ ስለሚቋረጥ ነው።

የላክህልኝን መልእክት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንደኛ የወጣህበት የሩጫ ውድድር አዘጋጆች ዕድሜህን ተጠራጥረው ማስረጃ ጠይቀውሃል። አንተ ደግሞ ምስክሮች ይዤ ወረዳ ሄጄ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው የሚል የልደት ወረቀት እንዳወጣልህ ትፈልጋለህ። ኧረ በአላህ! ሃያ አራት ዓመትህ እኮ ነው። የተወለድክ ለት እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የዕለት ማስታወሻዬ ላይ «ሚያዝያ 9 ቀን 1993፣ ወንድም አገኘሁ፣ ጆሮው ትልልቅ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ፓስፖርት ልታወጣ ስትል፣ ወረዳው በር ላይ ፎርም ለምትሞላው ልጅ ትውልድህን በፈረንጅ ቆጥረህ 2001 አልካት። እሷ የኛ አቆጣጠር መስሏት እንደገና ለወጠችውና 2009 ሆነ። እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ያልደረሰበት ቤት የለም። ግን ፓስፖርቱ እጅህ ሲገባ አይተኸዋል። አይተህ ዝም አልክ። ከሃያ ዓመት በታች ከሆኑት ጋር ተሰልፈህ ሮጥክ። ከዚያ ወዲያ ስህተት አይባልም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ቪዲዮው ነው። ሁለተኛ የወጣው ዑጋንዳዊ ልጅ መስመሩን አልፎ ሲወድቅ ደግፈህ አነሳኸው፣ ውሃ አጠጣኸው። ሰፈሩ ከስልክ ስልክ ተቀባበለው። ጨዋ አሉህ፣ ጀግና አሉህ። እኔም አልዋሽህም፣ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አልቅሻለሁ። አሁን ሳየው ግን ዓይኔ ከልጁ ላይ አይነሳም። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው አሉ። ወርቁን ወስደህበት ውሃ ሰጠኸው፤ እሱም አመሰገነህ!

ምስክር ጠፍቶ እንዳይመስልህ። ጎረቤታችን ጋሽ ደገፋ ከጎመን ማሳቸው ቀና ብለው፣ ለሬድዋን ከሆነማ ገና አልተወለደም ብዬም እምላለሁ አሉኝ። ባለቤቴ ሳዳም ደግሞ ለባንዲራ ነው፣ አንቺ ነጋዴ ስለሆንሽ ነው እንዲህ የምትደርቂው አለኝ። ነጋዴ ስለሆንኩማ ነው! የተሰነጠቀ ድስት ለብጬ አዲስ ነው ብዬ ብሸጥ፣ በማግስቱ ማን ሱቄን ይረግጣል?

እማ ልትምልልህ ተነስታ ጫማዋን ሁሉ አድርጋ ነበር። የጡት እህቱን ሲሃምን ምን እናድርጋት? አልኳት። የሲሃም እናት ታማ ሳለች፣ እማ ሁለታችሁን ግራና ቀኝ ይዛ እንዳጠባች የማያውቅ የሰፈራችን የሀና ማርያም ሰው የለም። አንተ አሥራ ስድስት ከሆንክ እሷም አሥራ ስድስት ልትሆን ነው፤ ያውም የአምስት ዓመት ልጅ ይዛ። እማ ተመልሳ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። አንድ ጊዜ ወልጄዋለሁ፣ ደግሜ አልወልደውም በይው አለችኝ። ከቃሏ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ስለዚህ ወረዳ አልሄድም። ቀጠሮህ ኅዳር 12 ነው ብለሃል። እነሱ ሳይደርሱብህ ራስህ ግባና ንገራቸው፤ ፎርሙን ብቻ ሳይሆን ዝም ያልክበትንም። ሜዳሊያውን አስረክብ፣ ለልጁ ይስጡት። ይቀጡሃል፤ ምናልባት ለዓመታት ያግዱህ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከእኩዮችህ ጋር ሮጠህ ብትሸነፍ እንኳ ሽንፈቱ የራስህ ነው። ተናድጄብሃለሁ። ግን ስትመለስ ባንዲራ ይዞ የሚወጣ ሰው ባይኖርም፣ እኔ ኤርፖርት በር ላይ አለሁ።

ሳዳም ቅር እንዳለው ሰላም ይልሃል። ሲሃም በሦስት ቀን እበልጠዋለሁ፣ ይህንን የትኛውም ወረዳ አይቀይረውም ብላ ከነልጇ ሰላም ብላሃለች። ጋሽ ደገፋም ሰላም ብለውሃል፤ ምስክርነቱ እንደቀረ ገና አልነገርኳቸውም። እማን ሰላምታሽን ልጻፍለት ስላት፣ ኅዳር 12 ይለፍና በራሴ አፍ እነግረዋለሁ አለችኝ።

እህትህ ሀኒፋ
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ አቦ
ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.