አስወረደች እና አስወረዳት

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

ዛሬም ኮምፒውተሩ ቀይ አበራብኝ። “ውርጃ” በይ ነው የሚለኝ፤ ከምርጫ ቢሮው የቃላት ዝርዝር ውጭ ከጻፍኩ እሺ አይልም።

የአሜሪካ የመራጮች መመሪያ ነው የምተረጉመው። የግዛቷን ስም ላለመናገር ፈርሜአለሁ፣ እዚህ ደብተር ላይም አልጽፈውም። እዚያ የሚኖሩ፣ እንግሊዝኛ የማይቀናቸው የኛ ሰዎች ጥቅምት ላይ ድምፅ ሲሰጡ የሚያነቡት የእኔን አማርኛ ነው። በአንድ ወረቀት ፕሬዚዳንት ይመርጣሉ፣ ዳኛ ይመርጣሉ፣ የትምህርት ቦርድ ይመርጣሉ፤ ከዚያ ታች ደግሞ ጽንስ ማቋረጥ በግዛቷ ሕገ መንግሥት መብት ይሁን ወይስ አይሁን ተብለው “አዎ” ወይም “አይ” ይላሉ። ማህፀንና የትምህርት ቦርድ በአንድ ገጽ ላይ።

ያቆመኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ድምፁ በየትኛውም በኩል ቢያጋድል፣ ጽንሱ በራሱ የወረደባት ሴት ከመታከም እንደማትከለከል የሚናገር። እንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ አንዱ ፈቅዳ ለምታደርገው፣ አንዱ ሳትፈልግ ለሚደርስባት። በቢሮው ዝርዝር ግን ሁለቱም “ውርጃ” ናቸው። እናም የእኔ አማርኛ እንዲህ ሆኖ ቁጭ አለ፦ “ለውርጃ የሚሰጥ ሕክምና ውርጃ አይደለም።”

ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ አንዲት ሴት ደም እየፈሰሳት ይህን ስታነብ ታየችኝ። ፈርታ ቤቷ ብትቀርስ? ሳቄ ጠፋ።

ከሰዓት ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ሲ.ኤም.ሲን ሸፈነው። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ጠፋ፣ የባቡሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሶፋው ላይ አሸለበኝ። በሕልሜ ባሕር ዛፍ ውስጥ የምርጫ ኮሮጆ ተቀምጧል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ተሰልፈው አንዳንድ ፊደል ይጥሉበታል። ተራዬ ሲደርስ እጄ ባዶ ነበር።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 15

ጋሽ ኃይሉ መለሰልኝ። ትርጉሜን የሚያርመው እሱ ነው። ድሮ ኮተቤ መምህርነት ተምሮ አሜሪካ የገባ፣ ነጠላ ሰረዝ እንኳ የማያልፍ ሰው። ሁለቱም ወገኖች ጠበቃ አሏቸው፣ ቃል ካዘነበልሽ ይከሱናል ይላል። እውነቱን ነው። የ“አዎ” ወገን በጻፈው ገጽ ላይ “ጽንስ” ነው፣ የ“አይ” ወገን በጻፈው ላይ “ያልተወለደ ሕፃን”። ሁለቱንም እንዳሉት አስቀመጥኩ። እኔ ማንን እንደምደግፍ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም የጠዋቱና የማታው መልሴ አንድ አይሆንም።

ለዓረፍተ ነገሬ ያመጣው መፍትሔ፦ ለአንዱ “ጽንስ ማቋረጥ”፣ ለሌላው “የጽንስ መቋረጥ”። ማ እና መ! ከሥራ ደክማ የገባች ሴት ያቺን የማ እግር ካላየቻት አለቀ። እኔ “ሴትን ሳታስበው ሲያስወርዳት” ይባል አልኩት። “ይኼ የጓዳ ወሬ ነው፣ የመንግሥት ወረቀት ላይ አይሄድም” አለኝ። በኋላ ግን ትንሽ ለዘብ አለ። እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ሦስቱንም አንብቢና የተረዳውን እስከ ዓርብ ጻፊልኝ፣ ካልሆነ በዝርዝሩ ይሄዳል አለኝ።

ለማን ላንብብ?
ጎረቤቴ፦ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል።
የመዘምራን ጓደኞቼ፦ ጸሎት ያስይዙብኛል።
እማማ የሺ።

እማማ የሺ የባለቤቴ የዳዊት እናት ናቸው። ያለፈው ጥቅምት የአራት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ አስወረደኝ። ክሊኒኩ ካርዴ ላይ “ውርጃ” ብሎ ጻፈ። እማማ ሊጠይቁኝ መጥተው ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አገኙት፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ቀና ብለው አዩኝና “ምን አደረገሽ?” አሉ። ልጁን ነው። ልጁ ምን አደረገሽ ማለታቸው ነው። የዚያን ሰሞን ነበር ይህን ሥራ የጀመርኩት፤ ለሥራዬ ስል ያስወረድኩ መሰላቸው። አልመለስኩላቸውም። ዳዊት ስንት ጊዜ ነገራቸው፣ እሳቸው ግን የሚያምኑት ወረቀቱን ነው። አሥር ወር ሆነ፣ ደጃችንን አልረገጡም።

ማታ ለዳዊት ነገ ብቻዬን ልሄድ ነው ስለው እግሬን በጋቢው ሸፈነልኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 16

ፍልሰታ የተፈታ ዕለት እማማ ማንንም አይመልሱም፤ ይህን ቆጥሬ ነው የሄድኩት። ከኮተቤ መንገድ ታክሲ ወርጄ ዳገቱን ያዝኩ። ጉም፣ ጭቃ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ። ሰው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል፣ ሰላም ብሎኝ ይጠፋል። እኔም ለሌላው እንደዚያው ነኝ ብዬ ሳስብ ትንሽ ቀለለኝ።

እማማ ከቅዳሴ ገብተው ነጠላቸውን ገና አላወለቁም። “ግቢ፣ ብርድ ነው” አሉ። ዶሮ ወጥ አቀረቡ። ጴንጤ እንደሆንኩ፣ ጾሙም የእኔ እንዳልሆነ ያውቃሉ፣ አንድ ጊዜ ግን አጎረሱኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ሥራዬን አስረዳኋቸው። “ለዚህም ድምፅ ይሰጣል?” አሉ። ይሰጣል አልኳቸው። “ወንዶቹም?” ወንዶቹም። ራሳቸውን ነቀነቁ።

የመጀመሪያውን አነበብኩ፦ ለውርጃ የሚሰጥ ሕክምና ውርጃ አይደለም። “ይህን የጻፈው ሰው ጤነኛ ነው?” አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ፈገግ ሊሉ ነበር፣ መልሰው ዋጡት።

ሁለተኛውን፣ የጋሽ ኃይሉን አነበብኩ። “ቅድም ያልሽው አይደል እንዴ?” አሉ።

ሦስተኛውን አነበብኩ። “ሴትን ሳታስበው ሲያስወርዳት...” እንደምንም ጨረስኩት። እማማ ሳህኑን ትንሽ ገፋ አደረጉ።

“ይህቺማ ምን አጠፋች? ትታከም እንጂ።” ከዚያ፣ “ታዲያ ሁለቱን ለምን በአንድ ስም ይጠሯቸዋል?”

አማርኛው ነው አልኩ። ሐኪሞቹም እንደዚያው ይጽፉታል።

“ያንቺ ወረቀት ላይ ያለው የቱ ነበር?”

“ቃሉ አንድ ነው፣ እማማ። እኔን ግን አስወረደኝ። ስም አውጥቼለት ነበር።”

ይህን ለመናገር አሥር ወር ፈጀብኝ። ጣራው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሁለታችንም እሱን ሰማን። ስወጣ ጃንጥላቸውን ሰጡኝ። ዳገቱን ስወርድ አለቀስኩ፣ ጃንጥላ ሥር ማንም አያይም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 17

ለጋሽ ኃይሉ ላክሁ። አጭር አደረግሁት። አንባቢ፦ ሰባ አንድ ዓመት፣ አማርኛ ብቻ። አንደኛው፦ ጸሐፊው ጤነኛ መሆኑን ጠየቁ። ሁለተኛው፦ ከአንደኛው አልለዩትም። ሦስተኛው፦ “ትታከም እንጂ።” አማቴ መሆናቸውን አልጻፍኩም።

ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም። ጃንጥላውን በረንዳ ላይ ዘርግቼ አየዋለሁ። ደርቋል፣ ልመልስ? ወይስ ሰው ሲሰጥሽ ተይው? የዳዊት እናት ዝም ካሉ ተቆጥተዋል ማለት ነው፣ ወይም አዝነዋል፣ ወይም ሰው መጥቶባቸዋል። ዳዊት ሦስቱም ሊሆን ይችላል ብሎ አረፈው። ቢያንስ ተናግሬአለሁ። ለዚያች ደም ለሚፈሳት ሴትም፣ ለእኔም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 18

ጠዋት የጋሽ ኃይሉ መልስ መጥቷል። “ሦስተኛው ይግባ። ዝርዝሩም እንዲስተካከል ለቢሮው ጽፌአለሁ፣ መልሳቸውን አላውቅም። የጓዳ ወሬ ያልኩትን አንሺልኝ።” አንብቤ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። ዓረፍተ ነገሩን ጻፍኩት። ኮምፒውተሩ ቀይ አበራ። ያብራ።

ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እማማ የሺ፣ በዳቦ የተሞላ ዘንቢል ይዘው፣ አራት ፎቅ ወጥተው ትንፋሽ አጥሯቸው። ጃንጥላዬን ልወስድ ነው የመጣሁት አሉ። ጃንጥላውን አመጣሁላቸው፤ በሩ ጥግ አቆሙትና ገብተው ተቀመጡ።

ቢላዋ ላመጣ ወጥ ቤት ገባሁ። ስልካቸው ጮኸ፤ እህታቸው ናቸው። የእህትየው ጆሮ ስለሚከብድ እማማ ይጮሁላቸዋል፣ ግድግዳውም ስስ ነው። የልጄ ቤት ነኝ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥታ፤ እህትየው ስለ እኔ የሆነ ነገር ጠየቁ መሰለኝ።

“አይደለም!” አሉ እማማ። “አስወረደች አይደለም ያልኩሽ። አስወረዳት! አስወረዳት ነው የምልሽ! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።”

ቢላዋውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እህትየው አልሰማ ብሏቸው ኖሮ እማማ እንደገና ደገሙላቸው።