የእትዬ እንደገና ጉሮሮ ጤነኛ ነበር

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ እንዲታወቅልን እንፈልጋለን፦ የመዘምራን ማኅበራችን መሥራች ከጸሎት ቤቱ የመዘምራን መሪነት የተነሡት በጉሮሮ ሕመም አይደለም። ጉሮሯቸው እስካለፈው እሑድ ልምምድ ድረስ ደኅና ነበር።

ሁላችንም «እትዬ እንደገና» የምንላቸው መምህርት ማክሰኞ ማለዳ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ አርፈዋል። ማኅበራችን በእጅጉ አዝኗል።

በሠላሳ አራት ዓመታቸው የጸሎት ቤቱን መዘምራን መምራት ጀመሩ። ስንሳሳት አይቆጡም፤ «እንደገና» ይላሉ። ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምሩት ባሶች ዘግይተው ሲገቡም «አባቶቼ፣ ዜማው አምልጧችኋል፤ በሚቀጥለው ተሳፈሩ» ይሉ ነበር።

በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው፣ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘማሪ የወጣቶች አማካሪው ጾታዊ ጥቃት እንዳደረሰባት ለአስተዳደር ቦርዱ ተናገረች። ቦርዱ እሷን «የቤታችንን ገመና አታውጪ» ብሎ መከረ፤ ሰውየውን በእድገት ወደ ሌላ ከተማ አዛወረ። በሽኝቱም ላይ መዘምራኑ የምስጋና መዝሙር እንዲያቀርቡ አዘዘ። ኪቦርድ ተጫዋቹ መግቢያውን ተጫወተ፤ የመሪዋ እጅ አልተነሣም። ደገመው፤ አሁንም አልተነሣም። የቦርዱ ሊቀ መንበር ከፊት ወንበር ሆነው እንዲጀምሩ ቢያሳስቧቸው፣ እትዬ እንደገና ወደ ጉባኤው ዞረው «የሚመሰገን ሰው ሲገኝ እንጀምራለን» አሉ። ያን ጊዜ ልጅቷ ከሶፕራኖዎች ሰልፍ ወደ ፊት ወጥታ የደረሰባትን ራሷ ተናገረች። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሰውየውም ተፈረደበት።

ጸሎት ቤቱ ግን ዝምታው የመጣው በማይክ ብልሽት መሆኑን አስታወቀ። መዘምራኑ በማይክ ዘምረው አያውቁም።

ሕመሙም የተገኘው በዚያው ሳምንት ነው፤ እትዬ እንደገና «በጉሮሮ ሕመም» ተብለው ተሰናበቱ። በማግሥቱ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ልምምድ ከፈቱ። አሥራ አንድ ሆነን ተከተልናቸው፤ ዛሬ ስድሳ ደርሰናል።

አሁን ጸሎት ቤቱ ለሽኝታቸው ሰፊውን አዳራሽ ሊሰጠን ፈቅዷል፤ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ግን ያው የጉሮሮ ሕመም እንዲነበብ ይፈልጋል። የእኛ አዳራሽ ጠባብ ስለሆነ ጉዳዩን ለቤተሰቡ አቀረብን። ታላቅ እህታቸው የመለሱልን ይህን ነው፦ «እህቴን ጉሮሮዋን አሟት አያውቅም፤ አንቆ የያዛቸው እነሱን ነው። ጠባቡ ቤት ይበቃናል ልጆቼ፤ የተረፈው በረንዳ ላይ ይዘምር።»

ስለዚህ ሽኝቱ ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሆናል። የሕይወት ታሪካቸውን ሳያጎድሉ የሚያነቡት፣ መዘምራኑንም የሚመሩት፣ ያኔ ከሰልፉ የወጡት ሶፕራኖ፣ የዛሬዋ ምክትል መሪያችን ናቸው። የሚዘመረው ያን ቀን ሳይዘመር የቀረው የምስጋና መዝሙር ነው፤ የሚመሰገን ሰው ተገኝቷልና።

ለታላቅ እህታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ላስተማሯቸውና አብረዋቸው ለዘመሩ ሁሉ መጽናናት ይሁን።

የቀድሞም የአሁንም ዘማሪዎች፣ መምጣታችሁንና በየትኛው ድምፅ እንደምትቆሙ እስከ ሐሙስ ቀትር ለማኅበሩ ጸሐፊ ደውላችሁ ንገሩን። ባሶች፣ እባካችሁ በዚህ እንኳ አትዘግዩ።