በቦራ ጀርባ የደበቅከው ሕመም

ገመቹ፣

ከተለየኸን አስር ወር ሞላ። እስካሁን ልጽፍልህ ቁጭ ባልኩ ቁጥር እንባዬ እየቀደመኝ ወረቀቱን አጥፌ አነሳው ነበር። ዛሬ ግን እንባ የለም፤ ተናድጃለሁ። ሞተህ ባታመልጠኝ ኖሮ ፊት ለፊትህ ቆሜ የምነግርህን ነው የምጽፍልህ፤ እንግዲህ ለአንድ ቀን እንኳ ሳታቋርጠኝ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሲፈን አስራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። በቁመት በልጣኛለች፤ አነጋገሯ ደግሞ ቁርጥ አንተን ነው። የጓሮው በር ወድቆ በቆርቆሮ አሠራሁት። ወደ ሶር ወንዝ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ፈሰሰበት፣ አንተ በክረምት ስትማረርበት የኖርከውን ዳገት ዛሬ ባጃጅ ይወጣዋል። በአንተ የሥራ ቦታ ጫልቱ የምትባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ተመድባለች፤ ቀበሌዎቹን በሞተር ነው የምትዞረው። ፈረስህ ቦራም አለ። አልሸጥኩትም። አዎ፣ ቃልህን አፍርሻለሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ራሴ ነገርኩህ።

ሆስፒታል ተኝተህ ለታላቅ ወንድምህ ለጋሽ ለሚ «ያ ፈረስ ጠባዩ ተበላሽቷል፤ ሰው ሳይጎዳ ለጋሪ ሽጡት» ብለህ ተናዝዘሃል። ጠባዩ ተበላሽቷል! ገበያው ሁሉ በፈረስህ ስም አባ ቦራ እያለ ሲጠራህ ደረትህን ትነፋ የነበርክ ሰው፣ ስሙን ወስደህ እሱን ለጋሪ!

የቀብርህ ዕለት ቦራን እንደ ወጉ አስጊጠው አወጡት። ኮርቻውን ጭነው፣ ግላሱን አልብሰው፣ ካፖርትህንና ዱላህን ከላይ አድርገው ለቀስተኛው መሃል አዞሩት። ቦራ አንገቱን ይወዘውዛል፣ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ያቃስታል። ሴቶቹ «ፈርዲ ኢሳሌ ቦኤ» እያሉ፣ ፈረሱም አለቀሰለት እያሉ ደረታቸውን ደቁ። እኔም አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ፣ እንደ እኔ የሚያዝንልህ አገኘሁ ብዬ አለቀስኩ። ገመቹ፣ እንስሳው አዝኖልህም ይሆናል፣ እሱን አላውቅም። ያቃሰተው ግን በሐዘን አልነበረም። በዚያ ሁሉ ጌጥ ሥር መዳፍ የሚያህል ቁስል ነበረው። ያን ቁስል ኮርቻ ጭነንበት፣ ካፖርትህን ደርበንበት፣ ከበን አለቀስንለት።

በሁለተኛው ወር ጋሽ ለሚ ገዢ ይዘው መጡ። ቁስሉን ሳታሳክም ሸጠች እንዳልባል ጫልቱን አስጠራኋት። ልጅቷ መድኃኒቷን አውጥታ ቀብታ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቦራን በግቢው ውስጥ አስመራችና ከኋላው ቆማ አረማመዱን ብዙ አየችው። ከዚያ ከትከሻው እስከ ወገቡ ግራና ቀኙን በጣቶቿ እየተጫነች ወረደች። ከቀኝ በኩል ስትደርስ ጀርባው ወደ ታች ተለመጠ። የፊት እግሮቹን አንስታ ሰኮናዎቹን አስተያየች፤ የቀኙ ከግራው ይልቅ አልቋል። በመጨረሻ ኮርቻህን አስመጥታ ሁለቱን እርካቦች ጎን ለጎን ያዘቻቸው። የቀኙ ጠፍር ተስቦ ተስቦ ሁለት ጣት ያህል ረዝሟል።

«እትዬ አስቴር፣ ባለቤትዎ ግራ እግራቸውን ያማቸው ነበር?» አለችኝ።

እግሩን አሞት አያውቅም አልኳት። በልበ ሙሉነት፣ ለማላውቀው ነገር ምስክር ሆኜ።

ልጅቷ አልተከራከረችኝም። የግራውን ሕመም የሚሸሽ ሰው ክብደቱን ወደ ቀኝ እንደሚጥል፣ ኮርቻው አብሮት እንደሚሄድ፣ ፈረሱም የተጣመመውን ሰው ላለመጣል ራሱን አጣሞ እንደሚሸከም ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ዳገትና ቁልቁለት በሆነ አገር ይህ ለዓመታት ከተደረገ ጀርባው ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ኮርቻ ባየ ቁጥርም ይናከሳል። ክፉ ሆኖ ሳይሆን የሚመጣበትን ስለሚያውቅ ነው አለችኝ።

እሷ እያወራች እኔ ሌላ ነገር ይታየኝ ጀመር። ከአራት ክረምት በፊት ጭቃ በጭቃ ሆነህ ወደ ቤት የገባህበት ቀን። ከሶር ወዲህ ባለው ቁልቁለት አዳልጦኝ ነው፣ ምንም አልሆንኩም ብለህ ሱሪህን ሰጠኸኝ፤ አጠብኩልህ። ከዚያ ቀን በኋላ እርካብ ረግጠህ መውጣት ትተህ ከበሩ ድንጋይ ላይ ቆመህ ኮርቻው ላይ መቀመጥ ጀመርክ። እኔ ዕድሜ ነው ብዬ ቀለድኩብህ፤ አንተም አብረኸኝ ሳቅህ። ዳሌህ ተጎድቶ ነበር፣ አይደል? አራት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ አጠገቤ ስትገላበጥ አንድ ቃል አልተነፈስክም።

አሁን የሚያቃጥለኝን ስማ። ቦራ መቁሰል ሲጀምር ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ድብዳብ አምጥተህ «ቀኙን ወፍራም አድርጊልኝ» አልከኝ። አደረግኩልህ። ሲብስበት እንደገና አመጣኸው። እንደገና ሱፍ ጨምሬ ሰፋሁ። አራት ጊዜ፣ ገመቹ! ጫልቱ ድብዳቡን በእጇ መዝና፣ ጫማ ጠቦት እግሩ ለቆሰለ ሰው ካልሲ እንደ መደረብ ነው አለችኝ። ቀኙ ከፍ ባለ ቁጥር ኮርቻው ወደ ግራ ያጋድልና የግራ ዳሌህን ይቆነጥጥሃል፤ አንተ የበለጠ ወደ ቀኝ ትጫናለህ፤ ቁስሉ የበለጠ ይታሻል። እኔ በገዛ እጄ፣ ለእንስሳው ምቾት ብዬ፣ ቁስሉን ስሰፋበት ኖርኩ። አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ መርፌዬን ታያለህ። አታውቅም ነበር እንዳትለኝ። ሙያህ ነው።

የኡካውን ገበያ ታስታውሳለህ? ጀርባው በቆሰለ ፈረስ ላይ የመጣውን ገበሬ በሕዝብ ፊት አስወርደህ ኮርቻውን አሸክመህ በእግሩ ሰደድከው። «ዓይን የለህም? ቁስል ላይ ተቀምጠህ ትመጣለህ?» ብለህ ጮህክበት። እኔ ከጎንህ ቆሜ ኮራሁብህ። ያን ዕለት የአንተ ቦራ ከገበያው ዳር ታስሮ ቆሞ ነበር፤ ቁስሉን ግላስ ሸፍኖለት። ያን ገበሬ ባገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ስሙን ግን እንኳን እኔ አንተም አላወቅከውም።

ደግሞ ማን ነበር ያስተማረኝ? በተጋባን ሰሞን በቦራ እናት ላይ አስቀምጠኸኝ፣ አንድ እጅህን ወገቤ ላይ አድርገህ፣ «ትከሻሽን ልቀቂው፤ ተረከዝሽን ዝቅ አድርጊ፤ በሁለቱም መቀመጫሽ እኩል ተቀመጪ፤ አንቺ ከጠመምሽ እሷን ነው የሚያማት» እያልክ ሜዳውን ስታዞረኝ ዋልክ። ፈርቼ ስንቀጠቀጥ ፈረሷ ስትንቀጠቀጥ፣ ስረጋ ስትረጋ አሳየኸኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው አምኜ አላውቅም። ያን የምታውቅ ሰው እንዴት ቻልክበት? በእግርህ ብትሄድ ማን ይስቅብህ ነበር? አሞኛል ብትል አባ ቦራ መባልህ ይቀር ነበር?

ሆስፒታል ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ ሲልህ «ከትናንት ወዲያ» አልክ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩለት። ኩላሊትህ ለወራት ሲያሰቃይህ እንደነበር ኋላ ነገሩን፤ የዘገየ ነገር ነው አሉን። ሁለት ጊዜ የውሸትህ ምስክር አደረግኸኝ ማለት ነው። ብትነግረኝ ኖሮ ዛሬ ከጎኔ ትሆን እንደነበር አላውቅም። ግን እንዳላውቀው ያደረግኸኝ አንተ ነህ።

ገዢውን መለስኩት። ጋሽ ለሚ የሟች ቃል አፈረሰች ብለው ሰባት ሳምንት ደጄን አልረገጡም። ጫልቱ አራት ወር ኮርቻ እንዳይነካው አዘዘች። ሲፈን ከትምህርት ስትመለስ በገመድ ይዛው ዳገቱን ትወጣለች ትወርዳለች፣ አንዴ በግራው አንዴ በቀኙ ሆና። መጀመሪያ ሰው ሲጠጋው ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጥፎ ለመንከስ ይቃጣ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጫልቱ ፈቅዳላት ሲፈን ያለ ኮርቻ ወጣችበት። አንተ እንዳስተማርካት እኩል ተቀመጠች። ቦራ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ በረጅሙ ተነፈሰና ሄደ። ጠባዩ የተበላሸ ፈረስህ ይኸውልህ። ቁስሉ ላይ አዲስ ፀጉር በቅሏል፤ ነጭ ሆኖ ነው የበቀለው። ዕድሜ ልኩን ነጭ ሆኖ ይቀራል ብላኛለች ጫልቱ።

ሙት ዓመትህ ሁለት ወር ቀርቶታል። ጋሽ ለሚ ሽማግሌ ልከው፣ ቦራ እንደ ቀብሩ ዕለት ተጭኖና አጊጦ ይውጣ አሉኝ። ይወጣል፣ ኮርቻ ግን አይጫንም አልኳቸው። ራቁቱን ሊወጣ ነው፤ ነጩን ጠባሳ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ምንድነው ብሎ ይጠይቃል፤ ምን ልትዪ ነው አሉኝ። እውነቱን እናገራለሁ አልኩ። ባሌ አሞት ነበር፤ አሞኛል ማለት ስላፈረ ይህ እንስሳ ተሸከመለት፤ እኔም ሳላውቅ አገዝኩት እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ሙት አታዋርጂ ብለው ተቆጥተው ሄዱ። ይቆጡ። ከመካከላቸው አንዱ ወገቡን እየደገፈ ነው ከመቀመጫው የተነሳው፤ ቤቱ ሚስት አለችው፣ በሩ ላይ ፈረስ አለው።

ሰው ሁሉ እንደ ጦር ቀጥ ብለህ ስትሄድ ነው የሚያስታውስህ። እኔ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለህ፣ ጥርስህን ነክሰህ፣ ከበሩ ስትወጣ አስታውስሃለሁ፤ ባሌ እሱ ነበርና። ለፈረስ የሰጠኸውን ሕመም ለእኔ ነፈግኸኝ፣ ገመቹ። ይህንን ይቅር እስክልህ ድረስ በየቀኑ አስታውስሃለሁ፤ ይቅር ካልኩህም በኋላ አስታውስሃለሁ።

አስቴር