«ከቤቴ ይውጣልኝ» ስላልከው የድሪቶ መኪና

ለእህቴ ልጅ ለሙሐሲን፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? በሙቀቱ ሽፍ ይልብህ የነበረው አንገትህ ዳነልህ ወይስ አሁንም እንደ አውራ ዶሮ ቀልቶ ነው ያለው? ወገብህስ? ሲሚንቶ መሸከሙን ትተህ ወደ ቀለም ቅብ ዞሬያለሁ ያልከው እውነት ከሆነ አልሐምዱሊላህ፤ ቤትህ በር ላይ ያለውን ግድግዳ ስትቀባ ያየሁህ ሰው ስለሆንኩ ግን ለአሠሪዎችህ አዝኛለሁ። አብረውህ የሚያድሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? ያ የኩታበሩ ልጅ አሁንም በማንኮራፋቱ ጣራውን ያነቃንቀዋል? እኛ አላህ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል፤ ጤፉም ክፉ አይደለም። ውርጩ ግን ዘንድሮ በርትቷል፤ ባልዲ ውስጥ ያደረው ውሃ ጠዋት ላይ እንደ መስታወት ሆኖ ይጠብቀናል።

እስከዚህ ያለውን በደግነት ጻፍኩልህ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ተቆጥቻለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ እኔ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ሁልጊዜ ኔትወርኩ ስለሚሄድብህ ነው። ወረቀት አይቋረጥም። ፊደል ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ስለሆንኩ ስህተት ብታገኝ የምትወቅሰው መምህር የለህምና ዝም ብለህ አንብብ።

ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት ስመለስ እናትህ ዘንድ ጎራ አልኩ። አልታየች የምትባለው ጎረቤታችን ልትጠይቃት መጥታ ተቀምጣለች። ሚስትህ ፈርሂያም ሀቢቡላህን አዝላ፣ ሱሀይላን አስከትላ ለእናትህ ምሳ ይዛ ገባች። በዚህ መሀል ያንተ መልእክት በእናትህ ስልክ ገባ። እትዬ ቀመር ጆሮዋ እንደደከመ ታውቃለህ፤ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍታ ነው የምትሰማው። አንተም እንደ ሙአዚን ጮኸህ፦ «ያ የድሪቶ መስፊያ መኪና ከቤቴ ይውጣልኝ! የሰው መሳቂያ አደረገኝ እኮ! አጎቴ ገበያ ያውጣውና ይሽጠው። እሷም አርፋ ልጆቿን ታሳድግ!»

አልታየች የነጠላዋን ጥለት መመልከት ጀመረች። እናትህ ስልኩን የምታጠፋበት ጠፍቷት ደግማ ነካችውና እንደገና «ከቤቴ ይውጣልኝ!» አልክ። ፈርሂያ ሳህኑን አስቀምጣ «ሰማን» አለች። ሱሀይላ ቀና ብላ «እማ፣ መኪናው ምን አጠፋ?» ብላ ጠየቀች። 

በኋላ ነገሩን ከእናትህ አጣራሁት። ከላላ ወረዳ የተወለደው አራጌ፣ አብሮህ የሚሠራው፣ ራት ላይ «ምነው ሙሐሲን፣ ሚስትህ ድሪቶ መስፋት ጀመረች አሉ፤ ብር አትልክላትም እንዴ?» ብሎ ሰው አስቆብህ ነው አሉ። እሺ፣ አራጌ ይሳቅ። የመካነ ሰላም ወሬ በከላላ ዞሮ፣ ባሕር ተሻግሮ አንተ ጋ የሚደርስበትን መንገድ አላህ ይወቀው። አንተ ግን የወሎ ልጅ ነህ፤ ድሪቶ ምን እንደሆነ ጠፋህ?

እንግዲህ ከከተሜዎች ጋር ስትኖር ቃሉ ተለውጦብህ ይሆናል። እዚያ ድሪቶ ሲባል የተቦጫጨቀ፣ ለማኝ የሚለብሰው ነገር ብቻ ነው የሚታያችሁ። እዚህ እኛ ጋ ግን ድሪቶ ሰው ከብርድ የሚተርፍበት ነው። አንተ ራስህ እስክትገረዝ ድረስ ከእናትህ ድሪቶ ሥር አልወጣህም፤ ስታረጥበው እያወጣ ፀሐይ ላይ ያሰጣልህ የነበረውም ይኸው ደብዳቤውን የሚጽፍልህ አጎትህ ነው። ይህን ለአራጌ ንገረውና ደግሞ ይሳቅ።

ሚስትህ የምትሠራውን ደግሞ አላየኸውም። ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ትሰበስባለች፣ ታጥባ ትተኩሳለች፣ በቀለም በቀለሙ ገጣጥማ ትሰፋዋለች። በመሀሉ ጥጥ ታደርግበትና ከሥሩ አቡጀዲ አልብሳ ከዳር እስከ ዳር በእጇ በመርፌ ትጠቅመዋለች። ከሩቅ ስታየው በክረምት መውጫ ያለ ማሳ ነው የሚመስለው፤ አረንጓዴው እዚህ፣ ቢጫው እዚያ። ወይዘሮ ሙሉሐረግ ልጇን ስትድር ለሙሽሮቹ አልጋ ያዘዘችው የፈርሂያን ድሪቶ ነው። የቁርዓን ቤቱ ሸህ ኢማሙም ደረሳዎቹ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው ቁርዓን እየቀሩ በብርድ አለቁ ብለው የሚነጠፍ አሰፍተዋል። ስሙን «የጥበብ ብርድ ልብስ» ምናምን ብንለው ይሻል ይሆን ብዬ ፈርሂያን ብጠይቃት «ድሪቶ ነው፣ ድሪቶ ይባል» አለችኝ። ወድጄላታለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃልህ ልምጣ። «አርፋ ልጆቿን ታሳድግ» አልክ። ልጆቹን አሁን የሚያሳድጋቸው ማን መሰለህ? አራጌ ነው?

ጠዋት ሱሀይላን ትምህርት ቤት አድርሳ ትመለስና ሀቢቡላህን አዝላ መኪናው ላይ ትቀመጣለች። እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ ጀርባዋ ቀስ እያለ ይወዛወዛል፤ ልጁን በዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል። እግሯ ቆመ ማለት እሱ ነቃ ማለት ነው። ስለዚህ የምትሰፋው ቁራጭ ሲያልቅ እንኳ ክሩን አውጥታ ባዶውን ትረግጠዋለች። አንድ ቀን «ምን እየሰፋሽ ነው?» ብላት «እንቅልፍ» አለችኝ። መርፌ ደግሞ እንደዋዛ አይቀመጥም። ምሰሶው ላይ ከልጅ እጅ በላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ትራስ አለች፤ መርፌ ከእጅ ሲወርድ እሷ ላይ ይሰካል። ሱሀይላ ከትምህርት ቤት እንደገባች ደብተሯን ሳታስቀምጥ «እማ፣ ሁሉም ገብተዋል?» ትላለች፤ ልክ እናትህ ሲመሽ ዶሮዎቿን እንደምትጠይቀው። ቁርጥራጩን በቀለም የምትለየውም እሷ ናት። ቀይ ከቀይ ጋር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች፤ ድርቅናዋን ከማን እንደወረሰች እኔ አልናገርም።

ሁሉም ነገር ተመቻችቷል እያልኩህ አይደለም። ለሙሉሐረግ ልጅ ሠርግ የታዘዘው ድሪቶ ሊደርስ ሲል ሀቢቡላህ አንድ ኩባያ እርጎ ደፍቶበታል። ፈርሂያ በዚያ ብርድ አጥባ፣ አድርቃ፣ እንደገና ጠቅማ አስረከበች፤ ስታጥብ ግን እያለቀሰች ነበር። ለደረሳዎቹ የሚሆነው ሊደርስ ሲል ደግሞ ልጁን ትኩሳት ያዘውና ጤና ጣቢያ ዋለች። ቀጠሮው አለፈ። ሸሁ ራሳቸው መጡና በር ላይ እንደቆሙ «ልጁ ይዳን እንጂ ደረሳ ለብርድ እንግዳ አይደለም» ብለዋት ሄዱ። እኚህ ሰው ዓለምን ከመናቃቸው የተነሣ አልጋ ላይ የሚተኙ እንኳ አይመስለኝም፤ ግን ሥራ ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። አንተ ያልገባህ እሱ ነው።

ያልገባህ ደግሞ አንተ ብቻ አይደለህም። በጣም የሚያበሳጨኝን ልንገርህ? ሠፈሩ በሙሉ «ፈርሂያ ቤት ነው የምትውለው» ይላል። ቤት ስለምትውል ሥራ የላትም ማለት ነው። ገበያ የሚሄድ ልጁን እሷ ጋ ይጥላል። ዱቄት ያነሰው ዕቃ ይዞ ይመጣል። እናትህ፣ ውድ እህቴ፣ እግሯን በመታሸት ሰበብ ረፋዱን እዚያው ታሳልፋለች። ወረዳ ቢሮ የምትሠራን ሴት ማንም ሄዶ ጠረጴዛዋ ላይ ሕፃን አያስቀምጥባትም። ፈርሂያ ግን ፔዳል ላይ እግሯን አድርጋ ለሁሉም «ግቡ፣ ግቡ» ማለት አለባት፤ ካላለች ኮራች ነው።

እኔም አንድ ቀን ካርቶን ቆርጬ «ስብሰባ ላይ ነን» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና በሯ ላይ ሰቀልኩት። ወላሂ ልመናም ቁጣም ያልመለሰው ሰው በዚያች ጽሑፍ ተመለሰ! ሁሉም ቀበሌ ሲሄድ ለምዶታልና አንብቦ፣ ተንፍሶ፣ ዞር ይላል። ማንበብ የማይችለውን ደግሞ የሚችለው ነገረው። አልታየች ብቻ ናት በመስኮት ብቅ ብላ «እኔንም አባል አድርጉኝ» ያለችው፤ እሷም ገብታ ጥጥ ስትፈለቅቅ ዋለች።

ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ዓመት የመኖሪያ ወረቀትህ አልታደስ ብሎ ክፍል ውስጥ ተደብቀህ በተቀመጥክበት ጊዜ ሱሀይላን ትምህርት ቤት ያስገባት፣ ለእናትህ የዓይን መድኃኒት የገዛላት ያ የምትንቀው ድሪቶ ነው። ፈርሂያ ይህን ነግራህ አታውቅም፤ ጭንቀትህ ላይ ጭንቀት እንዳትጨምር ብላ ነው። እኔ ግን እንደሷ አስተዋይ ስላልሆንኩ እነግርሃለሁ። በስደት እንደምትለፋ አውቃለሁ፤ ላብህንም ማንም አይንቅብህም። የሷን ላብ ግን አንተ በሰው ፊት ናቅኸው።

አሁን ትእዛዝህን እንዴት እንደፈጸምኩ ላውራልህ። «ከቤቴ ይውጣልኝ፣ ገበያ ይውጣ» አይደል ያልከው? ቃልህን ይዤ መኪናውን በጋሪ ጫንኩና፣ የአራጌ ወሬ አቀባዮች ሁሉ እንዲያዩት በገበያው መሀል አሳለፍኩት። ከዚያ በጀርባ ዞሬ እኔ ቤት አስገባሁት። ጓሯችን የሚገናኝ አይደል? አጥሩን ከፈት አደረግኩላት። መኪናው ከቤትህ ወጥቷል፣ ገበያም ወጥቷል፤ መሸጡ ብቻ ነው የቀረው። በራሴ ብልጠት በጣም ኮርቼ ምርቃት እጠብቅ ነበር።

ፈርሂያ ሀቢቡላህን አዝላ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። «አጎቴ፣ መኪናዬን ይመልሱልኝ» አለች።

«ምን ነካሽ? እዚህ ማንም አያይሽ» አልኳት።

«እሱ ነዋ! ሰርቄ ነው የምደበቀው? ደግሞስ ልጆቼ የሚተኙት እዚያ፣ ድስቴ የሚጣደው እዚያ። ከቤቴ ከወጣማ መቼ ልሰፋ ነው? አንቱም እንደሱ ሳይጠይቁኝ ነው ያነሡት።»

ሚስቴ ዘሊካ ከጓዳ ሆና «እሰይ! ንገሪው! ተንኮል ሲያስብ ነው የሚውለው» አለችብኝ። ምን አማራጭ አለኝ? በዚያው ጋሪ፣ በዚያው በገበያው መሀል መለስኩት። ሰዉም ሳቀብኝ። «ኑርሁሴን፣ ገዢ ጠፋ እንዴ?» ሲሉኝ «ገዢማ ሞልቷል፤ ባለቤቷ አልሸጥም አለች» አልኳቸው። እነሱ ቀልድ መሰላቸው። እኔ ግን ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸትና ከዚያ ሁሉ ብልጠት መሀል እሷን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ አሁን ጠይቄያታለሁ። መልሷን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ፦ «መኪናው ይሸጥ ካለ ለእናቱም አይንገር፣ ለአጎቱም አይንገር። ለኔ ይደውልልኝ። የሚለውን እሰማዋለሁ፤ የምለውንም ይሰማኛል። እምቢ ልለው እንደምችል አውቆ ይደውል። በገበያ ቀን ግን አይደውል፤ ሥራ አለኝ።» የመጨረሻውን ስትል እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

እንግዲህ ቁጣዬ ወጥቶልኛል፤ ሰላምታህን ተቀበል። እናትህ እትዬ ቀመር ዱዓዋን ልካልሃለች፤ ስልኳንም ቀነስ አድርጋ መስማት ተለማምዳለች። ዘሊካ ሰላም ብላሃለች፤ «በአጎቱ አይውጣ» የሚል ምክርም አክላለች። አልታየች «ለሙሐሲን ፈጣሪ ጤና ይስጥልኝ» ብላለች። ሱሀይላ አንተ ጋ ብርድ ከሌለ ሰው ምን ለብሶ እንደሚተኛ እንድትነግራት ትፈልጋለች። ሀቢቡላህ ገና አፉን ስላልፈታ የላከው የለም፤ አባቱ ስልክ ውስጥ የሚኖር ሰው ይመስለዋል። ለኩታበሩ ልጅና ለጓደኞችህ ሁሉ፣ ለአራጌም ጭምር፣ ከኔ ሰላም በላቸው።

ፈርሂያን «ምን ሰላምታ ልጻፍልሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ምንም አይጻፉ» አለችኝ። «ከደወለ እኔው እለዋለሁ።»

አጎትህ ኑርሁሴን
መካነ ሰላም
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.