በሰዓቱ የገባው ባቡር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጀዕፈር ዘይኑ፤

አሰላሙ አለይኩም። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ብርድ ሲገባ የሚያፍንህ ደረትህ እንዴት ሰነበተ? ሚስትህ ሒክማ ደህና ናት? ልጆቹስ? አባባስ እንዴት ነው? አባባን መጨረሻ ላይ የጠየቅኩት ረስቼው አይደለም፤ ዛሬ የምጽፍልህ ሁሉ የሱ ነገር ስለሆነ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እርግዝናዬ ስምንት ወር ሞልቶታል፤ እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል። የአሰብ ሙቀት ደግሞ ዘንድሮ ገና በመጋቢት ጀምሮናል።

ደብዳቤህ ከነቅቤው ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ስደግመው ቅር አለኝ፣ በሦስተኛው ፈራሁ። አባባ ያስጻፈው ነው ብለህ «የድሬዳዋው ባቡር ዛሬ በሰዓቱ ገባ» ትላለህ። ጀዕፈር፣ በሞቴ፣ ይህን ያለው አባባ ነው?

እስቲ አስታውስ። አባባ ባቡሩ አዲስ አበባ ሊገባ ሲል መጨረሻ በሚቆምበት በዚያ ትንሽ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ቲኬት ቆርጧል። ፈረንጆቹ ሐዲዱን ሲዘረጉ አያታችን ድንጋይ ስለተሸከመ ጣቢያውን እንደ ርስቱ ነበር የሚቆጥረው። ይኼ የመንገደኛው መስኮት፣ ያ የዕቃው ሚዛን፣ እዚያ ጋ ደግሞ ባቡሩ በእንፋሎት ሲሄድ ውሃ የሚሞላበት ነበር እያለ በጣቱ እያሳየ አስተምሮናል። ዶሮና ሽንኩርት ጭነው የሚወርዱትን ነጋዴ ሴቶች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራቸው ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ሚዛኑ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የእጅ ሰዓቱን እያየ ባቡር ይጠብቃል። ታዲያ በዚህ ሁሉ ዘመን ባቡር በሰዓቱ ገባ ሲል ሰምተኸው ታውቃለህ? ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ምሕረት የለውም! ዓይኑ ደክሞ ባንተ ማስጻፍ ከጀመረ ወዲህም ስድስት ደቂቃ ዘገየ፣ ሃያ ሦስት ደቂቃ ዘገየ ሳይል የቀረበት ደብዳቤ የለም። እኔ ተሞሽሬ ወደዚህ ስትሸኙኝ፣ ሁላችሁ ስታለቅሱ፣ እሱ አሥራ አንድ ደቂቃ አሳለፈ ብሎ ከባቡር ነጂው ጋር ይጨቃጨቅ ነበር።

ነገሩ በደብዳቤው ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቅቤውን ያመጣው ጉግሳ፣ ያ የምታውቀው የከባድ መኪና ሾፌር፣ እዚህ ሲመጣ ሱቃችን ቁጭ ብሎ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ሳይጠጣና እኔን ሳያበሽቀኝ አይሄድም። አሁን ግን ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ዕቃውን ሰጠኝና ባሌን ኻሊድን ከመኪናው ኋላ ጠራው። አባባን አየኸው ወይ ስለው ጎማውን እያየ «ደህና ናቸው» አለኝ። ጎማው ምን ሆነና ነው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኻሊድ ሌላ ሰው ሆኗል። ጨው በዛ ብሎ ቤቱን የሚያምስ ሰውዬ ዝም ብሎ ይጎርሳል። በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘግቶ እየመጣ ያየኛል። ወስደህ አባቴን አሳየኝ እያልኩ ሦስት ዓመት ስለምነው ሱቁን ለማን ጥዬ ሲለኝ ኖሮ፣ አሁን ሳልጠይቀው ከወለድሽ በኋላ እወስድሻለሁ ይለኛል። ለምን ከወለድኩ በኋላ? ጎረቤቴ ጥላነሽም በየጠዋቱ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጣለች፤ የአባቴን ስም ሳነሳ ስለ ዓሣ ታወራልኛለች።

እኔን ማታለል አትችሉም፤ ሥራውን አብረን ሠርተነዋል። የሒክማ እናት ያረፉ ጊዜ አራስ ናት ብለን ሁለት ወር ሙሉ የዋሸናት እኔና አንተ አይደለን? ዛሬ ሾርባ ጠጡ፣ ዛሬ ተሻላቸው እያልኩ ወሬ የማመጣላት እኔው ነበርኩ። መርዶውን ስትሰማ ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ምናልባት ባቡሩ ለአንድ ቀን አምላክ ረድቶት በሰዓቱ ገብቶ ይሆናል፤ ያ ረቢ፣ እንዲያ ባደረገው! ግን መጠርጠሬን መተው አልቻልኩም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ልጁ ወንድ ከሆነ ማን እንደምለው ጻፍልኝ። አንተ የበኩር ልጅህን በስሙ ልትጠራው ስትል አባባ ከዘራውን አንስቶ «እኔ በሕይወት እያለሁ ለዚህ ቤት አንድ ዘይኑ ይበቃል» እንዳለ አልረሳኸውም። እሱ የመረጠው ሌላ ስም ካለ ላክልኝና ስቄ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ዘይኑ በዪው ካልከኝ ግን ይገባኛል። ተቀምጬ ነው የማነበው፤ ለልጄም እጠነቀቃለሁ። ብቻ እንደ ሒክማ አታድርጉኝ።

ሒክማን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ያኔ ስለዋሸኋትም ይቅር በይኝ ብላለች በላት። ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። ኻሊድ ሰላም ብሏል፤ ይህን መጻፌን ግን አያውቅም። ለአባባም ሰላምታዬን አድርስልኝ። አግዳሚው ላይ ካለ እጁን ሳምልኝና ዛሬስ ስንት ደቂቃ ዘገየ ብለህ ጠይቅልኝ። ከሌለም ሰላምታዬን የት እንደምታደርሰው አንተ ታውቃለህ።

እህትህ ዙለይኻ ዘይኑ
አሰብ፣ መጋቢት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.